የካስዌካ ጣት የሚቆምበት መታጠፊያ

ካስዌካ የአሸዋውን ሥዕል ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ጣቱ ግን አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል።

ያስተማሩት የእናቱ ወንድም ሙሆንጎ ነበሩ። አሸዋውን በመዳፋቸው ይደለድላሉ፣ ነጥቦች በነጥቦች አጠገብ ይተክላሉ፤ ከዚያ ጣት ሳይነሳ ሁሉንም የሚከብብ አንድ መስመር ይስባሉ። በእኛ በአንጎላ ቾክዌዎች ዘንድ መሃል ላይ ያመነታ ይሳቅበታል። ሙሆንጎ ግን አይስቁም ነበር። ልጁ አራተኛው መታጠፊያ ላይ ባመነታ ቁጥር የጣቱን አንጓ ይመቱት ነበር።

ዛሬ ሙሆንጎ ተቀብረዋል። ለቀስተኛው በመንደሩ ዳስ ተቀምጦ ሟቹ ይስሉት የነበረውን ሥዕል ይጠብቃል። ከካስዌካ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እሱ ካልጨረሰው ሥዕሉም አብሯቸው አፈር ገባ ማለት ነው።

ጀመረ። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ጣትህን እንቅልፍ ወሰደው?» አለ የአክስቱ ልጅ ሳቾምቦ። ሰው ሳቀ።

ደልድሎ እንደገና ጀመረ። እዚያው ቆመ።

«አትጨቅጭቁት፣ አጎቱን ፈቃድ እየጠየቀ ነው!» አለ ደግሞ ሳቾምቦ።

አሁን የሳቀ የለም። ካስዌካ እጁን ከአሸዋው አነሳ። ሳቾምቦ ሳያውቅ እውነቱን ተናግሯል። መንገዱ አልጠፋበትም፤ ጣቱ የሚጠብቀው ምቱን ነበር። መስመሩንና ምቱን አንድ ላይ ተምሯቸው፣ አንዱ ያለ ሌላው አልመጣ ብሎታል።

«እማ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። እዚህ ጋ ስደርስ አንጓዬን ምቺኝ።»

«በወንድሜ ለቅሶ? አብደሃል?»

«በሞቴ፣ ምቺኝ!»

እንደገና ጀመረ። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ምቱ አንጓው ላይ አረፈ። ጣቱ ሳያመነታ አለፈ፣ ዞረ፣ ከተነሳበት ገጠመ። ሽማግሌዎቹ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እጅሽ ይከብዳል እኮ፣ እማ።»

እናቱ እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ አየችው። «መች መታሁህና? ገና እያነሳሁ ነው።»

ካስዌካ አንጓውን ያዘ። ያቃጥላል።

ሳቾምቦ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። «እኔንም አስተምረኝ። አንተስ ብትሆን ነገ ሟች አይደለህ?»

ካስዌካ አሸዋውን ደለደለ፣ ነጥቦቹን ተከለ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠበት።

«ጀምር።»

«ስሳሳትስ ምን ታደርገኛለህ?»

«ምንም» አለ ካስዌካ። ከጭኑ ሥር እጁ ለመነሳት ይታገለው ነበር።