ሐላል የተባለ ሹራብ

ባለፈው ሐሙስ የወንድሜ ልጅ ሂክማ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ መጥታ ሣጥኔን እንድከፍትላት ለመነችኝ። ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ድግስ አላቸው። እያንዳንዷ የማትለብሰውን ልብስ ይዛ ትመጣለች፣ ከሌሎቹ የወደደችውን መርጣ ትሄዳለች። «አዲስ ነገር ነው አክስቴ፣ ከስልክ ላይ ነው ያየነው» አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። የዘንድሮ ልጆች አዲስ የሚሉትን ነገር እኛ ለብሰን እንደጨረስነው ማን ይንገራቸው።

ሣጥኑን ስከፍትላት እጇን እስከ ታች ሰድዳ ቢጫ ሹራብ አወጣች። ደረቱ ላይ ሁለት አረንጓዴ መስመር አለው፤ አንዱ ክርኑ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል።

«ይሄን ይስጡኛ፣ እርስዎ እንደሁ አይለብሱትም።»

«እሱን አትንኪ» አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ። ልጅቷ ደንግጣ አጣጥፋ መለሰችው።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። አሥራ አንደኛን ጨርሼ ክረምቱ ገብቷል። ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ ጨርቅ እንደልብ አይገኝም፤ የቀበሌው ሱቅ ያመጣውን መልበስ ነው። አንድ ዓመት ቡኒ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቴትሮን መጣ። ለእናቶቻችን ቀሚስ፣ ለእኛ ጉርድ ሆነ፤ ጎረቤታችን ቤት ደግሞ መጋረጃ ሆኖ ተሰቀለ። ፒያሳ ስንወርድ የአንዲት ዶሮ ጫጩቶች እንመስል ነበር። ለሰልፍ ደግሞ ካኪ አለ። እንዴት ሰው በልብሱ እንኳ ራሱን አይመስልም እያልኩ እበግን ነበር። ቁጡ ልጅ ነበርኩ። አሁንም አልተሻለኝም።

እንግዲህ ልብስ እንለዋወጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተዋውሰን ለብሰን በጠብ አልቆ ነበር፤ አንዷ ልጅ ሻሿን መንገድ ላይ ከጓደኛዋ ራስ ገፍፋ ወስዳለች። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። የምትሰጥ ልጅ ልብሱን በሁለት እጇ ይዛ «ሐላል ነው» ትበል። እኛ አገር ይህ ቃል በዋዛ አይባልም፤ ከልቤ ሰጥቼሻለሁ፣ በዱንያም በአኺራም፣ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም አልጠይቅሽም ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ይለዋል፣ ሲለውም ያከብረዋል።

እናትና አባቴ ደጋን ከተማ ዘመድ ጥየቃ በሄዱበት ቀን ቤታችን ተሰበሰብን። ስድስት ነበርን። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጓደኛችን ትርንጎ አንድ ሰሃን በለስ ይዛ መጣች፤ ጣቶቿ በእሾህ ተወጋግተው ነበር። በለሱን እየላጥን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ልብሱን አልጋ ላይ ከመርነው። ከአራት አምስት ሰው በላይ ቤት ውስጥ ከተሰበሰበ ቀበሌው ምንድን ነው ብሎ መምጣቱ እንደማይቀር እናውቃለን። እንወቅ እንጂ በራሳችን ቤት ለመሳቅ ፈቃድ ልንጠይቅ አልነበረም።

ማርታ የመጣችው ያቺን ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነው። የማርታ ቤተሰቦች ጴንጤ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየሰው ቤት ተደብቀው ይጸልያሉ፤ ታላቅ ወንድሟ በዚሁ ከታሰረ ሦስት ወሩ ነበር። ሹራቡን እናቷ ያረጁ ሹራቦችን ፈትታ በእጇ የሠራችላት ነው፤ ደሴ ውስጥ ሁለተኛ አልነበረውም። ዓመቱን ሙሉ ዓይኔን ጥዬበት እንደከረምኩ ማርታ ታውቃለች። ሐምራዊ ቀሚሴን ከነሻሹ አነሳችና ሹራቡን አውልቃ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«ሰዓዳ፣ ሐላል ነው። ከእንግዲህ በምኞት አትሙቺብኝ።»

ወዲያው ለበስኩት። እሷም ቀሚሴን ለብሳ ሻሹን እንደ እኔ አስራ መስተዋት ፊት ስትሽከረከር፣ ትርንጎ «ወላሂ ኒካህ ማሰር ብቻ ነው የቀረሽ» አለቻትና በሳቅ ፈረስን። በሩ የተደበደበው ያኔ ነው።

የገባው ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ነበር። ከሌላ ቀበሌ የተዛወረ አዲስ ሰው ስለሆነ ማንኛችንንም በመልክ አያውቅም። ሁላችንንም አየና እኔ ላይ ቆመ።

«ባለቢጫ ሹራቧ፣ ተነሺ። ትፈለጊያለሽ።»

የማርታ ፊት አመድ ሆነ። ማን እንደምትፈለግ፣ ለምን እንደምትፈለግ ለማንም ግልጽ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጥኳት። «እሺ» አልኩና ወጣሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈርቼ ነበር። ግን እንደዚያ ዘና ብለን ስንስቅ መጥቶ በጠመንጃ ማቋረጡ ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴን ቀሰቀሰው።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስደርስ ሊቀመንበሩ ሲያየኝ ግራ ገባው። ይሄ የሰፈራችን ሰው ነው፣ አባቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ካኪውን እሱ ነው የሚሰፋለት።

«አንቺ የሰይድ ሰፊው ልጅ አይደለሽም? በቢጫ ሹራብ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ከቤት ቤት የምትዞረው አንቺ ነሽ?»

«እኔ የምዞረው ቁርኣን ቤት ነው።»

«ቤታችሁ ምን ስብሰባ ነበር?»

«ልብስ እየለካን ነበር። ሁላችንም አንድ ጨርቅ ለብሰን ሰለቸን።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር፣ ግን ብያለሁ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሹራቡ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ወላሂ በይ።»

አምላክ የለም እያለ በየስብሰባው ሲያስተምረን የከረመ ሰው በአላህ አስማለኝ። የሰፈሩ ሰው ነውና የእኛ ቤት ልጅ በውሸት ወላሂ እንደማትል ያውቃል። አባቴ ሐሰተኛ መሐላ ቤት ያፈርሳል እያለ ነው ያሳደገን። ግን እኮ አልዋሸሁም። ማርታ በሁለት እጇ ይዛ ሐላል ብላኛለች።

«ወላሂ፣ ሹራቡ የኔ ነው» አልኩት ዓይኑን እያየሁ።

ሦስት ቀን አሰሩኝ። በዚያው ከሰዓት ትርንጎ ማርታን በእኔ ቀሚስና ሻሽ እንደተሸፈነች አውቶቡስ አሳፍራ ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት አድርሳታለች። በኬላው ያየ ሁሉ ሙስሊም ልጅ ናት ብሎ አሳለፋት። ይህን የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እስር ቤት ሳለሁ ግን ማርታን አምጥተው አጠገቤ ስላላስቀመጧት እንዳመለጠች ገምቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ዋስ ሆኖ አስፈታኝ። ፒያሳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ሰዓዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአላህ ስም ዋሽተሻል?»

«አልዋሸሁም አባዬ። ሐላል ብላ ሰጥታኛለች።»

ጥቂት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ብርዱ ያገኝሻል፣ ቆልፊው።»

እስካሁን ሲርበኝ የምቀምሰው ምግብ ቢኖር ይህ ንግግሩ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ነጠብጣቡን ቴትሮን መሳደቤን አልረሳም፤ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ከልክሎኝ አሥራ ሁለተኛን በዓመት ዘግይቼ ነው የተማርኩት። አልቆጨኝም ብል ሐሰት ነው፣ ጓደኞቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉ መስኮት ዘግቼ አልቅሻለሁ። ያም ሆኖ ያ ቀን ቢመለስ የማርታን እግር እንደገና እረግጠዋለሁ፣ ምናልባትም ጠበቅ አድርጌ።

ማርታ ዛሬም ኮምቦልቻ ናት፤ የልጅ ልጅ አይታለች። በየአረፋው ትመጣለች፤ በየገናው እሄዳለሁ። በመጣች ቁጥር ሣጥኔን ራሷ ከፍታ ሹራቡን ታወጣለች፣ ክርኑን ትዳስሳለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእጅ ሥራዋ የቀረው ይህ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ዓመት አዝኜላት ውሰጂው ብዬ ዘረጋሁላት፤ እጇን ሰብስባ «ሐላል ያልኩትን አልመልስም» አለችኝ።

ለሂክማ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ቅዳሜ ድግሱ ላይ እንድገኝ፣ ማርታንም እንዳመጣት ጠየቀችኝ። እንሄዳለን። ሦስት ደህና ደህና ቀሚስ አጣጥፌ አስቀምጫለሁ፣ ደንቡንም አስተምራቸዋለሁ። ሹራቡን ግን ለብሼው ነው የምሄደው። የደሴ ብርድ መቼም አለ።