ማክሰኞ ቀን መውጣት ያቃታት ጡረተኛ

ዛሬ ከምሳ በኋላ ከገዛ ቤቴ ለመውጣት ፈቃድ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ጓደኛዬ አልማዝ ደውላ፣ "ሐይቁ ዳር ነኝ። ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ ፀሐይዋ ግን ደህና ናት፤ ነይ ውረጂ" አለችኝ።

እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? "ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፤ ሐሙስ ብናደርገውስ?"

ሮም ሰው ቤት የሠራ ያውቀዋል፤ የእኛ እረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኞራ የምንላቸውን አሮጊት እመቤቶች ሳስታምም እንደዚያ ኖሬያለሁ። ግን እኮ ጡረታ ወጥቼ እዚህ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው!

አልማዝም፣ "አሁን ሲኞራሽ ማን ናት?" አለችኝ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ቤት ውስጥ ያለችው ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም ተኝታለች። (እንዳልቀሰቅሳት ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።)

ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ዳክዬዎቹ ራሳቸው ጡረታ የወጡ ይመስላሉ። አልማዝ "አንቺ ሴትዮ፣ ነፃ ነሽ እኮ!" እያለች ስትስቅብኝ ዋለች። እሷም እንደኔ ዕድሜዋን በሙሉ አስታማሚ ነበረች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሥራ አንድ ሰዓት ሲደውል ብድግ ብላ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። "አሎራ፣ በቃ ልሂድ፤ የመድኃኒታቸው ሰዓት ደርሷል።"

ሲኞራዋ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው።

ልስቅባት ፈልጌ ነበር። ግን እኔም ደወሉን ስሰማ ኮቴን ቆልፌ ጨርሻለሁ።

ጡረታ የወጣችሁ እህቶቼ፣ እናንተንስ እስካሁን ሰዓት የሚያስቆጥራችሁ ማን ነው? ጻፉልኝ። ሐሙስ ከሰዓት አነብበዋለሁ።