ድምፄን የወሰደው እንቅርት

መጀመሪያ የሄደው ድምፄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ክለብ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበርኩ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ስጮህ የወጣው ድምፅ እንደ ጎረምሳ የጎረነነ ሆነ። ተጫዋቾቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በእኛ ሙያ ድምፁ ያልሻከረ አሰልጣኝ እንደ ሰነፍ ስለሚቆጠር ደስም ሳይለኝ አልቀረም። ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ የውድድር ዓመቱን ጨረስኩ።

አንገቴ ላይ እብጠት እንዳለ አውቅ ነበር። ጥፋቴም እዚህ ላይ ነው። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። እናቴ እንቅርት ነበረባት፤ አክስቶቼም እንዲሁ። እንዲጠፋላቸው ብለው አንገታቸውን ዙሪያውን ተነቅሰዋል፤ እንቅርቱም ንቅሳቱም አብረዋቸው አረጁ። በእኛ ቤት እንቅርት የቤተሰብ መልክ እንጂ በሽታ አልነበረም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ መች ደበቅሁ? በአደባባይ አንገቴ ላይ ይዤው እዞር ነበር።

ውኃ ስጠጣ ትን ማለት ሲጀምረኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። አንገቴን ዳብሰው አልትራሳውንድ አዘዙ፤ ቀጥሎ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እህቴ፣ የእንቅርቱ ዕጢ፣ የታይሮይድ ካንሰር ነው» አሉኝ። «የሚታከም ዓይነት ነው። ግን የድምፅሽን ነርቭ ይዞታል። እሱን ሳንነካ ማውጣት አንችልም።»

ሥራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ነቃሁ። ነርሷን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አለቀስኩ። ለቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

ክለቡ ውሌን አላደሰም። አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ነው። ሞጣ የምትኖረው እህቴ መጥታ ወሰደችኝ። ቤቷ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት ጠዋት የወጣውን ዕጢ ሥራ የሚተካውን የታይሮክሲን ክኒኔን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ (ጾም ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም)፣ የሐኪም ቤቱ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያስተማረችኝን የትንፋሽ ልምምድ እየሠራሁ፣ ከአጥሩ ወዲያ ኳስ ሲነጥር እሰማለሁ። የናፈቀኝ ዋንጫው አልነበረም። የአንዲትን ተጫዋች ስም ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ መጥራት ነበር የናፈቀኝ።

እህቴ ለስፖርት መምህሩ ስለ እኔ አውርታ ኖሮ፣ ሰውየው ቤት ድረስ መጥቶ የትምህርት ቤቱን የሴቶች ቡድን እንዳሠለጥንለት ለመነኝ። ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ብቻ እንዳለኝ ነገርኩት፤ እሱ ግን ሰበቤን አልቀበልም አለ። ልጆቹ ሊሰሙኝ ጠጋ ብለው ይከቡኛል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ በጭብጨባ እንግባባለን። እኔም አሁንም አሰልጣኝ መሆን እችል ይሆን እያልኩ ሁለት ወር አሠለጠንኳቸው።

ከዚያ ቢቸና ሄደን ተጫወትን። የትውልድ ከተማዬ ሰው ሜዳውን ከቦታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ተመርተናል። ኳሱ በትዕግሥት እጅ ነው፤ አምበላችን ናት። ተከላካይዋ ከኋላዋ መጣች። አየኋት። «ሰው!» ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬ በሕዝቡ ጩኸት ተዋጠ። ኳሱ ተነጠቀ። ተሸነፍን።

በመልስ ጉዞ ትዕግሥት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ቢጮኹም እኮ አልሰማዎትም ነበር» አለችኝ። «ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ ማን ይሰማል?»

ልታጽናናኝ ነው። ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠግታ ጠበቀች።

«የዱሮውን ድምፄን አላወቅሽውም» አልኳት።

ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እስከ ሞጣ ተኛች። በማግሥቱ ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። እኔም ሄድኩ፤ እስከ ዛሬም እሄዳለሁ።

ሕይወቴን ላተረፉልኝ ሐኪም፣ ስድስት ወር ሙሉ ላስታመመችኝ እህቴ፣ ዝም ብለው ለሚያዳምጡኝ ልጆች ምስጋናዬ ብዙ ነው። ድኛለሁ፤ ክትትሌንም አላቋረጥኩም። ድምፄ ግን ዛሬም ይናፍቀኛል።

እናንተም እናታችሁ ስለነበረባት ብቻ የአንገት እብጠትን አትልመዱት። ድምፃችሁ ጎርንኖ ሳምንታት ካለፉ ሐኪም ፊት ቀርባችሁ «አንገቴን እዩልኝ» በሉ። ድምፅ ሳላችሁ በሉት።