አባቴ ለሽምግልና የተመረጠ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። በሌላ ከተማ አንድ ፖሊስ ተኩሶ ሕፃን ልጅ ገድሏል፣ ጉዳዩ እየተጣራ ነው፣ የአገር ሽማግሌዎችም ወደ ቤተሰቡ ሄደዋል ይላል ዜናው። ባለ ባጃጁ ልጅ፣ “ሽማግሌ ከገባበትማ አለቀ ማለት ነው፣ እማማ” አለኝ። ለክፋት አልነበረም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። የቦንጋ ዳገት የጉልበቴ ጠላት መሆኑን እያወቅሁ፣ ሰፈሬ ሳልደርስ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁት።

አባቴ ለሽምግልና በተመረጠ ጊዜ እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነበር። የተመደብኩት እዚያው ባደግሁባት በሺሺንዳ ነው። ቤት ያለ ኪራይ፣ እራት ያለ ድካም፣ ምን ጎደለኝ! አባቴ፣ አገሩ ሁሉ ጋሽ ወልዴ የሚለው፣ ከገበያው ፊት ለፊት ባለች ሱቁ ጨርቅና ጨው ይሸጥ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ኮረሪማው መቅላት ጀምሯል፤ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። በገበያ ቀን ፖሊሶችና መንገድ ዳር የሚሸጡ ሴቶች ተነሱ፣ አንነሳም ተባባሉ። ጩኸቱ ሲበረታ ልጆች ሊያዩ ሮጡ። አንዱ ፖሊስ ተኮሰ። ማቲዎስ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ ሸንኮራውን እንደያዘ አባቴ ሱቅ ፊት ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

ማታ አባቴ ጎመኑን በቆጮ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሳያደርሰው መልሶ አስቀመጠው።

“ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት ይላል አሉ” አለኝ። “ውሸቱን ነው። መሣሪያውን ወደ ሰማይ አላነሳውም። በሬ ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ።”

“ትመሰክራለህ ታዲያ?”

“እንዴታ! ማንን ፈርቼ ነው የማልመሰክረው?”

እንደዚያ ምሽት በአባቴ ኮርቼ አላውቅም። በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሄጄ ለእናትየው ነገርኳት። እትዬ አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ኮረሪማና ማር ሸጣ የምታድር ሴት ነበረች። አማርኛዋ ጥቂት ነው። እጄን ያዘችና፣ “ጋሽ ወልዴ ይናገራል?” አለችኝ። “ይናገራል” አልኳት። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር በካፊኛ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ አይቶ የሚናገር ሰው አለ እያለች።

የፖሊስ አዛዡ ግን ሥራ አልፈታም። ኮፍያውን አውልቆ ሱቅ ድረስ መጣና፣ “ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ያልገቡበት እርቅ እርቅ አይሆንም” አለው። አባቴ ዕቃውን ያመሰገነለትን ሰው ቅናሽ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ የሚጠረጥር ነጋዴ ነበር፤ ሽበቱን ላመሰገነለት ግን እንደ ቅቤ ይቀልጣል። እሺ አለ። ሦስት ሌሎችም ተመረጡ፤ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ማር ነጋዴውና ሥጋ ሻጩ። እኔ ከዚህ ሁሉ ምንም አልሰማሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእትዬ አስካለ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ንፍሮ በመዳፌ ይዣለሁ። ውሻ ጮኸ። አራት ሰዎች አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጁ ላይ ተንበረከኩ። የፊተኛው አባቴ ነው። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እዚህ ግን በደለኛው የለም። እሱ ቤቱ ተቀምጦ አባቴ ይሸከምለታል።

“አስካለ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪው” አለ አባቴ። “ሆን ብሎ አላደረገውም።”

ጆሮዬን አላመንኩም። እትዬ አስካለ ቀስ ብላ ተነሳችና አንድ በአንድ አየቻቸው።

“ጋሽ ወልዴ፣ አንተ ሱቅ በር ነበርክ። አንተ ስፌት ላይ። አንተ ማር ትመዝናለህ። አንተ ሥጋ ትቆርጣለህ። ሁላችሁ ያን ቀን ነበራችሁ። ሌላ ሽማግሌ አገር ጠፋ?”

ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ያለውን ድንጋይ አመቻቸ።

“እኔ ሽማግሌ አልጠራሁም” አለች። “እኔ የምፈልገው ምስክር ነው።”

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ ዘንድ በአንድ ጉዳይ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው በዚያው ጉዳይ ለአንዱ ወገን አይመሰክርም፤ ነውር ነው። አዛዡ የአገሩ ተወላጅ ነውና ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ያዩትን ሰዎች ለቅሞ ሽማግሌ አደረጋቸው። ማስፈራራት እንኳ አላስፈለገውም፤ አከበራቸው፣ አበቃ።

እትዬ አስካለ ዞራ አየችኝ። ይናገራል ብለሽኝ አልነበረም ወይ አላለችም። ምነው ባለች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። በአባቴ አፈርኩ። በከተማዬም፣ በሽምግልናችንም አፈርኩ። ሰዎቹ ድንጋዩን አውርደው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ።

ቤት ስንገባ ጮህኩበት።

“አንዴ ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ልጄ” አለኝ ዓይኔን ሳያይ። “ሽማግሌ ደግሞ ወዲያና ወዲህ አይልም።”

“የሞተው ሕፃን ነው እኮ፣ አባባ!”

“አውቃለሁ። እኔ ፊት አይደል የወደቀው?” አለና ሱቁን ሊዘጋ ወጣ።

ዐቃቤ ሕግ ለምስክርነት ሲጠራቸው አራቱም የእርቁ ሽማግሌዎች ነን ብለው ተመለሱ። ያልተፈጸመ እርቅ! መዝገቡ በማስረጃ እጦት ተዘጋ። ፖሊሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ማዕረግ ጨመረ ሲሉም ሰምቻለሁ፣ እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም።

አባቴን እወደው ነበር፤ እፍረቱን የሚያከብደውም ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ረግሜው እገላገል ነበር። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ስንቱን ያስታረቀ ሲባል ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሰው ኀዘን መሰለው። ግማሹ ኀዘን ነበር።

እትዬ አስካለ ዛሬም አለች። ለዓይኗ ሕክምና ቦንጋ ስትመጣ ሚኒባስ መናኸሪያው አካባቢ እንገናኛለን። ጉንጬን አገላብጣ ትስመኛለች። “ልጆችሽ ደህና ናቸው? ትልቁስ? አዲስ አበባ ያለችውስ?” እያለች አንድም ሳታስቀር ትጠይቀኛለች። ሁሉም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላታለሁ። እንግዲህ በሰላምታ ወግ መልሶ መጠየቅ የኔ ተራ ነው። ማቲዎስ አንድ ልጇ ነበር።

“ማሩስ ዘንድሮ እንዴት ነው?” እላታለሁ።