የወንድሜ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተር

ተስፋ ማድረግና መመኘት አንድ ይመስላችኋል? እኔ ልዩነቱን በሰው አገር ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። ዘንድሮ ከስንት ዘመን በኋላ ፍኖተ ሰላም፣ ወንድሜ ቤት ገባሁ። እናቴን በስልክ ላናግራት ስል «ጆሮዋ ከብዷል» ይለኝ ነበር። አሁን ደግሞ «ቡሬ ጠበል ገብታለች፤ እሑድ እንወስድሻለን» አለኝ።

በማግስቱ ሴት ልጁ የእንግሊዝኛ ደብተሯን አመጣችልኝ። ገና ሊሆን ለሚችል ነገር «ሆፕ»፣ ላለፈና ለማይሆን «ዊሽ» እንደሚባል ነገርኳት። እሷ ግን «ምነው አያቴ አክስቴን አይተዋት በነበር» የሚለውን በዊሽ ጽፋዋለች። ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ተሳስተሻል። እሑድ ታየኛለች እኮ፤ በሆፕ ጻፊው።»

ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበች። «አክስቴ፣ ልክ ነው። መምህራችን ራይት አድርገውልኛል።»

«መምህርሽ ስለ አያትሽ ምን ያውቃሉ?»

«በአያቴ ቀብር ላይ ነበሩ» አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ወንድሜ ከደጃፍ ሰምቶ ገባ። «መርዶ እንዲህ አይነገርም። ባሕር ማዶ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚ ብለን ነው። እሑድ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ልንነግርሽ ነበር።»

«መቼ ሞተች?»

«ተዝካሯን ካወጣን ከርመናል። ይቅር በይን።»

አንዳቸውንም ይቅር አልልም።