የፊተኛው ዴስክ

አገኘሁሽን ወረታ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ በአርባ ዓመቷ ዩኒፎርም ለብሳ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ሴት ናት። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት አውጥተው ዳሯት። ልጆቿን አሳድጋ ስትጨርስ ደግሞ የማታው ክፍል ተማሪ አጥቶ ተዘግቶ ጠበቃት። ታዲያ ምን ይደረግ? የከሰዓት ፈረቃ ገብታ፣ ከልጆቹ ጋር የፊተኛው ዴስክ ላይ ቁጭ አለች።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህር የኔነህ «ጊቭ አፕ»ን አስተማረ። ሲጋራ መተው ጊቭ አፕ ነው፤ ተስፋ መቁረጥም፣ ለፖሊስ እጅ መስጠትም፣ መቀመጫን ለሌላ መልቀቅም ያው ጊቭ አፕ ነው። «ነገ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ» አለና ወደ አገኘሁሽ ዞረ። «እትዬ፣ አጨዳ እያሉ ብዙ ቀርተዋል። ነገም ከቀሩ ቦታውን ለልጆቹ ይለቃሉ።»

ነገ ደግሞ የፈድሉ ሩዝ የሚታጨድበት ቀን ነው። ፈድሉ የወንፈሉ አለቃ ነው። የእሷን ማሳ ሁሉም ተሰብስበው አጭደውላታል፤ እሷም በተራዋ ካልወጣች ለከርሞ ሩዟ ቆሞ ሲረግፍ የሚደርስላት የለም። ሄዳ ከሰዓቱን እንዲለቃት ብትለምነው «ቀን ወስደሽ ቀን ነው የምትመልሽ። በዚህ ዕድሜሽ ትምህርቱ ምን ሊሆንሽ ነው? ተይው!» አላት።

ተይው! ሰው ሁሉ ለእሷ ሲሆን ይችን ቃል አያጣም።

ጎህ ሲቀድ ማጭዷን ይዛ ማሳው ውስጥ ገባች። ሌሎቹ ቁርስ ሲቀምሱ አጨደች፤ ጠላ ሲጠጡም አጨደች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ድርሻዋ ታጭዶ፣ ነዶው ታስሮ ተደርድሯል።

«አያ ፈድሉ፣ ድርሻዬ ይኸው።»

«ቀኑ መች አለቀና?»

«ቀኑ አላለቀም፤ አጨዳው ግን አልቋል። የቀረ ካለ ያሳዩኝ።»

ፈድሉ ጎንበስ ቀና እያለ ፈለገ። ሳትታጨድ የቀረች አንዲት ዘለላ አገኘና ራሱ ቆረጣት። «ሂጅ እንግዲህ» አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

ክፍል ስትገባ ፀጉሯ ገለባ ብቻ ነው፤ ማጭዷ ከደብተሯ ጋር ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሏል። ልጆቹ ሳቁ። ይሳቁ! መምህሩ ግን አልሳቀም።

«ዓረፍተ ነገርዎስ እትዬ?»

ብድግ አለች። «አይ ዶንት ጊቭ አፕ።»

«የትኛውን ማለትዎ ነው? ተስፋ መቁረጡን ነው ወይስ እጅ መስጠቱን?»

«ሁሉንም መምህር፤ መቀመጫውንም ጭምር» አለችና ከነገለባዋ የፊተኛው ዴስክ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።