አንድ ወረቀት፣ አንድ ጸሎት

አያ ህሩይ የፎቶ ቤታቸውን ጨለማ ክፍል ከቆለፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ያኔ ለሟች ሚስታቸው ለእፀገነት የአርባ ቀን መታሰቢያ ፎቶዋን ሲያጥቡ፣ የፎቶ ወረቀቱ አርጅቶ ኖሮ ያ ቀይ ፊቷ አመድ መስሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሳቅም ጨዋታም የላቸው። «እኔም እንደ ወረቀቱ ጊዜዬ አልፏል» ይላሉ።

ሐሙስ ጠዋት የትነበርሽ ከኮሶዬ መጣች። የልጇ የታሪኩ መርዶ መጥቷል፤ አስከሬኑ ግን አልመጣም። ቅዳሜ ለቅሶው ነው፤ ከፍ አድርጋ የምትይዘው ፎቶ የላትም። ኮምፒውተር ቤቶቹ «ፊልም የሚያነብ መሣሪያ የለንም» ብለው መልሰዋታል።

«አያ ህሩይ፣ ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ያነሱት እርስዎ ነዎት። ባዶ እጄን ላልቅስለት?»

«ወረቀቱ ሞቷል እኮ፣ የትነበርሽ።»

«ልጄስ?»

የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ፈለጉ።

ልጁ የተነሳበት ፊልም፣ ኔጌቲቩ፣ ተገኘ። ወረቀቱ ግን ሁለት ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያውን እንደ ልማዳቸው ሳህኑ ላይ ባለው ምስል አውጪ መድኃኒት ውስጥ ነክረው፣ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ እስኪደግሙ አቆዩት፤ የጨለማ ክፍል ሰዓታቸው ጸሎት ነው። የልጁ ነጭ ሸሚዝም ፊቱም ግራጫ ሆኖ ወጣ።

«ያረጀ ወረቀት ቶሎ ይጠቁራል። የቀረውን በአንድ ጸሎት እናወጣዋለን» አሉ። «ነይ ግቢ፤ እኔን ድምፄ እምቢ ብሎኛል። አንቺ ድገሚ፣ ስትጨርሺ አወጣዋለሁ።»

በቀዩ መብራት ሥር ጀመረች። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን ብቅ አለ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስትደርስ የልጇ ዓይን ከወረቀቱ ላይ አያት። ጸሎቱ አፏ ላይ ቀረ።

«ድገሚ እንጂ!»

«መጣ! አያ፣ መጣ!»

«ይጠቁራል፣ ላውጣው።»

እጃቸውን ያዘች። «ምነው? ትንሽ ይቆይ፤ ገና መምጣቱ እኮ ነው።»

መንጠቅ ይችሉ ነበር። አልነጠቁም። እፀገነት ከዚሁ ሳህን ስትመጣ፣ እሳቸውም ሦስቱን ጸሎት ስድስት አድርገውት ነበር። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ጥፋቱን ሁሉ ለወረቀቱ ሰጥተውት ኖረዋል።

ሲያወጡት ልጁ ከሰል መስሏል።

«ግራጫውን ውሰጂ። እሱ እንኳ ይለያል።»

«ይኼኛው ነው ዓይኔ እያየ የመጣልኝ» አለችና ጥቁሩን ከነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው።

ቅዳሜ ያንኑ ከፍ አድርጋ ለቅሶውን ዞረች። «ኧረ ፊቱ አይለይም!» ብላ አንዷ አልቃሽ አንሾካሾከች። አያ ህሩይ ምናልባት ሐሳቧን ብትቀይር ብለው ግራጫውን በኮታቸው ኪስ ይዘው መጥተው ነበር። የትነበርሽ ፊት ለፊታቸው ስትደርስ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ባዶ እጃቸውን መለሱት። ከዚያ ለራሳቸውም ለእፀገነትም፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።